ከታች ፎቅ የተጸለየለት ሰው

መናኸሪያው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም «መለከት» ነበር የሚለው። ሥራው ተራ ማስከበር ነው። ሚኒባሶቹን በየሰልፋቸው ያቆማል፣ ተሳፋሪውን ወደየመስመሩ ይጠራል። ሌሎቹ ተራ አስከባሪዎች ፊሽካ ይነፋሉ፤ እሱ ግን ፊሽካ ይዞ አያውቅም። አፉን ሲከፍት ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንግጦ መቀሱን ያነሳል ይባልለታል። ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሲገፋው፣ ሲያቅፈው፣ ሲሰድበው፣ ሲመርቀው ይውልና ማታ ታላቅ እህቱ ቤት ገብቶ እራቱን በልቶ እንደ ድንጋይ ይተኛል። ብቸኝነት የሚባለውን ነገር በወሬ ይሰማው እንደሆነ እንጂ ደርሶበት አያውቅም።

ሃይማኖቱን የጠየቀው ሰው ካለ «ክርስቲያን ነኝ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የሚቆመው ግን በሩ አጠገብ ነው። አንዱን ጆሮ ለስብከቱ፣ ሌላውን ለመናኸሪያው ሰጥቶ ይቆይና ሕዝቡ ገና ሳይሰናበት ሹልክ ይላል። እሑድ ተሳፋሪ ይበዛላ! እግዚአብሔርም ይህን አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍለት እርግጠኛ ነበር።

አደጋው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። አንዱ ሾፌር የእጅ ፍሬን ሳይዝ ወርዶ ኖሮ፣ ባዶው ሚኒባስ ቁልቁለቱን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላው ልጅ ያዘለች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። መለከት ቢጮህ ለመሸሽ አትደርስም፤ ሮጦ ገፍትሮ ጣላት። እሷና ልጇ አቧራ ልሰው ተነሡ። እሱ ግን በመኪናውና በመናኸሪያው ግንብ መሃል ቀረ።

ጭኑ ክፉኛ ተሰብሮ ነበርና በብረት አያያዙለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮ፣ «በዚህ እግርህ መሬት እንዳትረግጥ። እኔ ይበቃል እስክልህ ድረስ ደረጃ የሚባል ነገር በሕልምህም እንዳታይ» አለው።

እህቱ የምትኖረው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንጻው ሊፍት የለውም። ሾፌር ጓደኞቹ በወንበር ተሸክመው፣ በየመታጠፊያው እየተሳደቡና እየሳቁ አወጡት። አልጋው ላይ ሲያጋድሙት አንደኛው ላቡን እየጠረገ፣ «እንግዲህ ስትወርድ በራስህ ነው፤ እኛ ደርሶ መልስ አንጭንም» አለው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

በመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ ከሰው አልጎደለም ነበር። ልጇን ያዳነላት ሴትም መጥታ እግሩ ሥር አልቅሳ፣ መርቃው ሄደች። ከዚያ ግን ጠያቂው እየሳሳ መጣ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሥራ አለው፣ ፎቁም ፎቅ ነው። አንዳንዴ ጓደኞቹ ይደውላሉ። ከስልኩ ውስጥ ጥሩምባው፣ ጫጫታው፣ በእሱ ቦታ የገባው አዲሱ ተራ አስከባሪ ሲጣራ ይሰማዋል። «አንዴ ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ» ይሉትና ይዘጋሉ። ይመሽና ይነጋል፤ የሚደውል የለም።

እህቱ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ጎህ ሲቀድ ምግቡን ሸፍና፣ ውኃውን አቅርባ፣ «አይዞህ የኔ ወንድም» ብላው ትወጣለች፤ ማታ እጇ ዝሎ ትመለሳለች። በመሃል ያለው ቀን የእሱና የግድግዳው ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንጻ ጀርባ ብቻ ሲሆን እዚያም ከተሰጣ ልብስ በቀር የሚታይ የለም። ሬዲዮው ሰለቸው። ምግቡ እየቀዘቀዘ፣ ሳይነካው ይመሽ ጀመር። ድሮ አፉ የማይዘጋው ሰው ማታ እህቱ ስታናግረው «እህ» እና «ደህና» ብቻ ሆነ መልሱ።

አንድ ቀን እህቱ ፀጉሩን እያበጠረችለት፣ «ለምን ትንሽ አትጸልይም?» ብትለው ቱግ አለ።

«ምን ብዬ? አንዲት እናት ከነልጇ አድኜ ይሄው ተንጋልያለሁ። እኔ ብሆን እንደዚህ ለሠራልኝ ሰው ቢያንስ እግሩን እተውለት ነበር።»

እህቱ አልተቆጣችም። ማበጠሪያውን አስቀምጣ፣ «እሱንም ቢሆን ለእኔ ከምትነግረኝ ለእሱ ንገረው» አለችው። ከሆስፒታል ያመጣውን ክራንች አልጋው ራስጌ አቁማለት፣ ወጥ ቤት ድረስ በአንድ እግሩ እያነከሰ ውኃ መቅዳት እንዲለማመድ አዘዘችው። እዚያም መስኮቱ ሥር ወንበር አኖረችለት።

ያ የወጥ ቤት መስኮት ወደ ውጭ አያይም። የሚከፈተው በሕንጻው መሃል ለአየርና ለብርሃን ተብሎ ከታች እስከ ላይ ክፍት ወደተተወው ጠባብ ጉድጓድ ነው። ነዋሪው «ጉሮሮ» ይለዋል። የሁሉም ወጥ ቤት መስኮት ወደዚያ ስለሚከፈት የአንዱ ቤት ሳል፣ የሌላው ድስት፣ የሌላው ጭቅጭቅ በጉሮሮው በኩል ሽቅብ ይወጣል።

መለከት አንድ ጠዋት እንደምንም ወጥ ቤት ደርሶ ወንበሩ ላይ ዘፍ እንዳለ ከታች የአሮጊት ድምፅ ሰማ። መጀመሪያ በስልክ የሚያወሩ መሰለው። እንዲህ ይሉ ነበር፦

«…ያችን የዳቦ ቤቷን ልጅ፣ ወገቧን የሚያማትን አደራህን። ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ ቀን የሚተኛውንም ሰውዬ እንቅልፍ ስጠው፤ ኮቴው የደከመው ሰው ኮቴ ነው። ደግሞ ከላዬ ያለውን፣ በዱላ እያንኳኳ የሚሄደውን ሰው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ትናንት ሁለቴ ቆሞ ሁለቴ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። እግር ስጠው አባቴ። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ብቻውን አትተወው።»

መለከት ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከአደጋው ወዲህ ያዘነለት ብዙ ነው፣ የመረቀውም ብዙ ነው። ስሙንም መልኩንም የማያውቅ ሰው ስለ እሱ ሲለምን መስማት ግን ሌላ ሆነበት። መውደቁን ለእህቱ እንኳ አልነገራትም ነበር። ዓይኑ ሞላ። ሳያስበው፣ በዚያ በመናኸሪያ ድምፁ «አሜን!» አለ።

ጉሮሮው አስተጋባ። ከታች ጸሎቱ ተቋረጠ። ከዚያ፣ «ማነው?» አሉ ሴትዮዋ።

አፍሮ ትንፋሹን ዋጠ። ክራንቹን እንኳ አላነሳም፤ እስኪረሱት ድረስ እንደ ሌባ ተኮራምቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀ። አሮጊቷ ጸሎታቸውን ከመጀመራቸው በፊት መስኮታቸውን ወለል አድርገው ከፈቱና፣ «ትናንት አሜን ያልከው ሰውዬ» አሉ፣ «ሌባ ከሆንክ እዚህ ቤት የሚሰረቅ የለም። መልአክ እንዳልልህ ደግሞ ድምፅህ የጎረነነ ነው። ማን ነህ?»

መለከት ሳቁ አመለጠው። ከአደጋው ወዲህ እንዲያ ከሆዱ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። «በዱላ የማንኳኳው ነኝ እማማ» አላቸው።

«እሰይ! እኔ ደግሞ ዱላው ብቻውን የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ድምፅህ ተሰምቶኝ አያውቅማ።»

ትውውቃቸው እንዲህ ሆነ። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ሕንጻው «እማማ አዋላጅ» ይላቸዋል። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ከቀሩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው እንኳ መቁጠር ትተዋል። አንድ ልጃቸው ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ከሰዓት በኋላ ቤት የምታጸዳላቸው ሴት አለች። ጠዋት ጠዋት ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ በጉሮሮው የሚሰሙትን ሰው ሁሉ እየጠሩ ይጸልያሉ። የማያውቁትን በኮቴው፣ በሳሉ፣ በበሩ አዘጋግ ነው የሚጠሩት።

«አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ነው» አሉት አንድ ቀን።

«እኔ ጸሎት አልችልም እማማ።»

«መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ አላልከኝም? ሲጮህ የኖረ ሰው አፍ አጣ እንዴ? ለሰው እንደምታወራው አውራው።»

መለከት ክራንቹን አስደግፎ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «ጌታ ሆይ፣» አለ፣ «እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ቀርቷል። መኪናው ሞልቶ ሄዶበታል። ተናድጄብህ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ግን እዚህ መሆኔን እንድታውቅ ብዬ ነው። አሜን።»

ከታች እማማ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማ። «ይኸው ጸለይክ» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ለመለከት ጠዋት ሆነ። እህቱ ስትወጣ ተነሥቶ ይታጠባል፤ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ማንም የማያየውን ሸሚዝ ይቀይራል። ምግቡን መብላት ጀመረ። ማታ እህቱ ስትመጣ ወሬው አያልቅም፤ የዳቦ ቤቷ ልጅ ወገቧ ተሻላት፣ አንደኛ ፎቅ ያለው ሕጻን ጥርስ አወጣ፣ እማማ እንዲህ አሉ። እህቱ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ትሰማዋለች። «ከቤት ሳትወጣ ከእኔ በላይ ሰው አወቅክ» አለችው ደስ ብሏት።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው የሌሊት ዘበኛ አንድ ጠዋት መስኮቱን በኃይል በርግዶ፣ «ኧረ ሰው እንተኛበት! እግዜር ደንቆሮ ነው እንዴ እንዲህ የምትጮኹበት?» ብሎ አምባረቀ።

«እግዜርማ ይሰማል ወንድሜ» አለ መለከት። «የማንሰማማው እኔና እማማ ነን፤ መሃላችን ፎቅ አለ።»

«ፎቁን አፍርሱታ!» ብሎ ዘበኛው መስኮቱን ጓ አድርጎ ዘጋ። እማማ ግን በማግስቱም አልተዉትም፤ «ለዚያ ለተቆጣን ሰውዬ እንቅልፍ ስጠው» ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩለት።

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን አንድ ጠዋት መለከት እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። እማማ የሉም። «እማማ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። በጉሮሮው ግድግዳ ላይ ዝናቡ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ጆሮውን ወደ ታች ሰጥቶ ሲያዳምጥ ግን፣ ብረት ነገር ወለል ላይ በቀስታ ሲጋጭ ሰማ። ቆም ይልና ይቀጥላል። በማንኪያ የሚጠራ ሰው ነው የሚመስለው።

እህቱ ጋ ደወለ፤ ፋብሪካው ሥራ ላይ ስልክ ስለማያስይዝ አላነሳችም። ደረጃውን አሰበ፣ ሐኪሙን አሰበ። ከዚያ መስኮቱን ይዞ በአንድ እግሩ ቆመና ያን ከመናኸሪያ ይዞት የመጣውን፣ ለወራት በሙሉ ኃይሉ ያልተጠቀመበትን ድምፅ አወጣው።

«ሦስተኛ ፎቅ! ሦስተኛ ፎቅ! ሰው ወድቋል! ያለህ ድረስ!»

የጉሮሮው መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት ሕንጻ ሰዎች ሳይቀሩ ብቅ ብቅ አሉ። ዘበኛው በውስጥ ልብሱ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እንዳበጠ፣ እየተራገመ ደረጃውን ሽቅብ ሮጠ። የእማማን በር መታ፣ ተጣራ፣ በመጨረሻ በትከሻው ገፍቶ ገነጠለው።

መለከት መቀመጥ አልቻለም። እግሩን እንዲረግጥበት ፈቃድ የለውም፤ በመቀመጫው ለመውረድ ግን ማን ከለከለው? የታመመውን እግር ቀጥ አድርጎ፣ በሁለት እጁ እየተደገፈ ደረጃውን ቁጭ ብድግ እያለ ወረደ። መዳፉ ተላጠ። የእማማ ደጃፍ ሲደርስ ላብ አጥምቆታል።

እማማ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ነበሩ። ሻይ ሊጥዱ ሲነሡ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል፤ በደህናው እጃቸው ማንኪያ ይዘዋል። ዘበኛው ብርድ ልብስ ያለብሳቸዋል። እማማ አንገታቸውን አዙረው ደጃፉ ላይ የተዘረጋውን ሰው አዩት።

«አንተ ነህ አሜን ባዩ?» አሉ በደከመ ድምፅ። «እኔ እኮ በድምፅህ ዘንካታ መስለኸኝ ነበር።»

«ዘንካታው ላይ ቀርቷል እማማ፣ እኔ መልእክተኛው ነኝ» አላቸው፤ እንባውና ሳቁ ተደባልቆበት።

መናኸሪያ ሲደውል ጓደኞቹ በዚህ ጊዜ «መልሼ ልደውል» አላሉትም። አንዱ ሚኒባሱን ባዶውን አስነሥቶ በሩ ላይ አቆመ። ዘበኛው እማማን በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው፤ ሆስፒታል ድረስም አብሮ ሄደ። መለከት ብቻውን ደረጃው ላይ ቀረ። በመቀመጫ መውረድ ይቻላል፤ መውጣት ግን አይሞከርም።

ከቀትር በኋላ ዘበኛው ተመልሶ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘው። «ደህና ናቸው። እጃቸውን ጀሶ አደረጉላቸው» አለና አጠገቡ ቁጭ አለ።

«እንቅልፍህን ነሳንህ» አለ መለከት።

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ በእኔ ጉዳይ እግዜር ደጅ የቆመ ሰው የለም» አለ። «መጀመሪያ ቀን ሴትዮዋ ‹ኮቴው የደከመው ሰው ኮቴ ነው› ስትል ስሰማ አናደደኝ። ምን አግብቷት? ከዚያ ግን ከሥራ ስገባ፣ እስክትጠራኝ ድረስ ሳልተኛ መጠበቅ ጀመርኩ። መስኮቱን የዘጋሁት ለይምሰል ነው እንጂ እኔስ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።»

መለከት ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለበት። «በል እንግዲህ አውጣኝ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ከመጋረጃው ውጣ» አለው።

በማግስቱ መለከት መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ የእማማ ወጥ ቤት ጨለማ ነበር። ብቻውን ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ሲያመነታ ከታች፣ «ኧረ ዛሬ የለም እንዴ? ዝምታው አላስተኛኝ አለ!» የሚል የጎረነነ ድምፅ መጣ። መለከትም ጀመረ። እማማ የሚጠሯቸውን ሰዎች አንድም ሳይዘል ጠራቸው፤ በመጨረሻ እማማን ጠራ። ዘበኛው አሜን ሲል ከላይኛው ፎቅ አንዲት ሴት፣ ከአንደኛ ፎቅ ደግሞ የሕጻኑ እናት አሜን አሉ። እነሱም ለካ ሁልጊዜ ይሰሙ ኖሯል።

እማማ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ብዙ አልቆዩም። ልጃቸው መጥታ፣ «ከእንግዲህ ብቻሽን አልተውሽም» ብላ ልትወስዳቸው ቆረጠች። በሚሄዱበት ጠዋት ዘበኛውና ሾፌሮቹ በወንበር አወረዷቸው። ሐኪሙ ለመለከት ደረጃ ከፈቀደለት ገና ጥቂት ቀኑ ነበር፤ በአንድ ክራንች፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከወንበሩ ጎን ጎን ወረደ። ሜዳው ላይ ደርሰው በፀሐይ ብርሃን ሲተያዩ ሁለቱም አፈሩ። ያን ያህል ያወሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲሆኑ ወሬ ጠፋባቸው።

«አደራህን» አሉት እማማ በመጨረሻ። «ሰው የሚጠፋው ጠሪ ሲያጣ ነውና አንተ ዝም እንዳትል።»

«እኔና ዝምታ መች ተዋውቀን እማማ» አላቸው። ጎንበስ አለላቸው፤ ግንባሩን ሳሙት። መኪናው ሄደ። መለከት ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ከፍቶት ዋለ፣ ግን የባዶነት መከፋት አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል። ትንሽ ያነክሳል፣ ዝናብ ሊዘንብ ሲል ብረቱ ያመዋል፤ ድምፁ ግን ምንም አልሆነም። በጉሮሮው በኩል ያለው የጠዋት ጸሎት አልተቋረጠም፤ ከሥራ በፊት እሱ ይጀምራል፣ ከሥራ ሲገባ ዘበኛው ይጨርሰዋል። እማማ ስልክ ሲደውሉ ስለ ጤናው ከመጠየቃቸው በፊት የሕንጻውን ሰው አንድ በአንድ ይጠይቁታል።

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በሩ ላይ መቆሙን ትቷል። መሃል ገብቶ ይቀመጣል፣ እስከ መጨረሻው ይቆያል፣ ሰው ሲቀመጥ ግን ዓይኑ ወንበሮቹ ላይ ነው፤ የተሳፋሪ ጉድለት መቁጠር የለመደ ዓይን ነው። ባለፈው እሑድ ሁልጊዜ መጀመሪያው ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ጡረተኛ መምህር ለሦስተኛ ጊዜ መቅረታቸውን አስተውሎ ቤታቸውን አጠያየቀ። ደረጃ የበዛበት ቤት ነው። በየመታጠፊያው እያረፈ ወጣና አንኳኳ።

በሩን ገርበብ አድርገው የከፈቱት መምህሩ ራሳቸው ነበሩ፤ ጺማቸው አድጓል፣ ጋቢያቸው ተዝረክርኳል። «ከቤተ ክርስቲያን ማን ላከህ?» አሉት፣ በጥርጣሬ።

«ማንም አልላከኝም ጋሼ። ቦታዎ ባዶ ሆኖ አየሁት።»

መምህሩ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው፣ ከአንደኛው ወንበር ላይ የተቆለለውን ጋዜጣ አነሡለት። መለከትም ገብቶ ተቀመጠ።